ብላክ ሆል ኃይል ሲጨመርበት ለምን ይቀዘቅዛል? ስሌቱ ላይ አግዙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ብላክ ሆል (ስበቱ ብርሃን እንኳ የማያስመልጥ የጠፈር አካል) ቴርሞዳይናሚክስ፣ ማለትም ስለ ሙቀቱና ኃይሉ፣ እያነበብኩ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ፊዚክስ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳየው፣ ብላክ ሆል ጨረር ያወጣል፤ ክብደቱ (ማለትም ኃይሉ) እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ በግማሽ ይወርዳል። የፀሐያችንን ያህል የሚከብድ ብላክ ሆል ሙቀቱ ከአንድ ኬልቪን 10 ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። በዙሪያው ያለው የጠፈር ጨረር ግን 2.7 ኬልቪን ነው። ስለዚህ ከሚያወጣው የሚውጠው ይበልጣል፤ በዋጠ ቁጥር ደግሞ የባሰ ይቀዘቅዛል። በጣም የሚገርም ነገር ነው! እስከዚህ ገብቶኛል።

የከበደኝ ከዚህ በኋላ ነው። የሙቀት አቅሙ ኔጌቲቭ ከሆነ (ማለትም ኃይል ሲጨመርበት ሙቀቱ ከቀነሰ)፣ የተለመደው የስታቲስቲካል ሜካኒክስ ቀመር የኃይል መዋዠቁን ቫሪያንስ (የመዋዠቁን ስፋት የሚለካውን አማካይ ስኩዌር) ኔጌቲቭ ያደርገዋል። ይሄ ደግሞ ጭራሽ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ከአድማሱ (ምንም ነገር ከማይመለስበት የብላክ ሆሉ ድንበር) ስፋት ጋር የሚያድገው፣ በፊዚክስ ሊቁ በቤከንስታይን የተሰየመው ኢንትሮፒ (የውስጥ ሁኔታዎችን ብዛት የሚለካው መጠን) በየትኛው ስሌት ነው የሚሠራው?

ብላክ ሆሉ መጠኑ በማይለወጥ ዝግ ሳጥን ውስጥ ከጨረር ጋር ቢቀመጥ፣ የጨረሩ ኃይል ከብላክ ሆሉ ኃይል ሩብ ካነሰ የተረጋጋ ሚዛን ይኖራል ይባላል። ሩቧ ከየት መጣች? የሁለቱን ኢንትሮፒ ደምሬ ሁለተኛውን ዲሪቬቲቭ ልውሰድ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ደረጃ በደረጃ የሚያሳየኝ ካለ ከልብ አመሰግናለሁ።