ለጦረኛ ገጸ ባሕርይ ልዩ ችሎታ መሥራት፦ ፉከራ፣ ከባድ ምት፣ ጉግስ

የጮቄ ልጅ
ሰላም ለቤቱ። በእምባቦ ጦርነት ዘመን (1874 ዓ.ም.) የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጎጃም መቼት ያደረገ የጠረጴዛ ጨዋታ እያሰናዳሁ ነው፤ ሕጉ የዲ ኤንድ ዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው ዳይስ እየወረወሩ የሚጫወቱት) 5ኛ እትም ነው። ደብተራው በየተራው ከአሥር ድግምት ያማርጣል፣ ጦረኛው ግን «እመታለሁ» ብሎ ዳይስ ወርውሮ ይቀመጣል። ለእሱ ሦስት ችሎታ ረቂቅ አለኝ፦

ፉከራ፦ የሰማ ጠላት ሁሉ አንድ ተራ ያልፈዋል፤ በቀን 1 ጊዜ።
ከባድ ምት፦ ምቱ ማግኘቱን ከሚወስነው ዳይስ ውጤት 5 ቀንሶ ጉዳቱ ላይ 10 መጨመር።
ጉግስ፦ በፈረስ እየጋለበ ከወረወረ ጉዳቱ እጥፍ።

የቱ ነው ጨዋታውን የሚያበላሸው?

ዳይስ ቆጣሪ
ሦስቱም፣ ግን በተለያየ መንገድ። በከባድ ምት ልጀምር፣ ምክንያቱም ምርጫ ይመስላል እንጂ ምርጫ አይደለም። በባለ 20 ገጹ ዳይስ 1 ነጥብ ማለት 5% ነው። ጦረኛህ 65% የመምታት ዕድል ካለውና ጉዳቱ በባለ 8 ገጽ ዳይስ ሲደመር 4 ከሆነ (አማካዩ 8.5)፣ ተራ ምት በአማካይ 65% በ8.5 ሲባዛ 5.5 ያህል ያወጣል። ከባዱ 40% በ18.5 ሲባዛ 7.4። ሁለቱ የሚተካከሉት የመምታት ዕድሉ 46% አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ጠላቱ ጥሩር ካልለበሰ በስተቀር ተጫዋቹ ሁልጊዜ ከባዱን ይላል፣ አንተም ያው «እመታለሁ» ላይ ተመለስህ። 2 ቀንሰህ 2 ጨምር፦ ከባዱ 5.8፣ ተራው 5.5 ይሆናል፣ ሚዛኑም 52% አካባቢ ያርፋል። ያኔ ተጫዋቹ የጠላቱን ጋሻ ማየት ይጀምራል።

እጥፍ የሚባል ነገርም ተው። ዛሬ 8.5ን ነው የምታጥፈው፤ ነገ አስማተኛ ጦር ሲያገኝ 14ን ታጥፋለህ። አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ጨምርለት፣ በቂ ነው።

ባለሽመል
ጉግስን ከጉዳት አውጣው እላለሁ። ጨዋታው ራሱ ማሳደድና መሸሽ ነው፤ ፈረሱ ቆሞ አይወረወርም። ስለዚህ፦ በቀጥታ ቢያንስ 6 ካሬ (የጨዋታው ሰሌዳ ላይ ያለች አንድ አራት ማዕዘን) ጋልቦ ይወረውራል፣ ከዚያ ሳይቆም 4 ካሬ አልፎ መሄድ ግዴታው ነው፣ ሲያልፍም ማንም በምላሽ ሊመታው አይችልም። ግዴታዋ ናት ችሎታውን ጣፋጭ የምታደርገው፤ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ 4 ካሬ ወዴት እንደሚያደርስ ይታያችሁ። ግን ፈረስ የማይገባበት ቤት ውስጥም ጦረኛው ባዶ እጁን እንዳይቀር ሽመል ስጠው፦ በሽመሉ ከመታ በኋላ ጠላቱን 2 ካሬ መግፋት።

ፉከራህ ደግሞ ሁለት በሽታ አለበት። አራት ጠላት ተራ ካለፈው ውጊያው እዚያው አለቀ። «በቀን 1 ጊዜ» ስትል ደግሞ ተጫዋቹ «ለአለቃው (ለዋናው ጠላት) ላቆየው» እያለ ሳይፎክር ይመሻል። 4ኛው እትም (እ.ኤ.አ. 2008) ለጦረኛ የቀን ችሎታ ሲሰጥ፣ «ድግምትስ ይሁን፣ የሰይፍ ምት ለምን በቀን አንዴ ብቻ?» የሚል ቅሬታ በዝቶ ነበር። እንዲህ ቢሆንስ፦ ፉከራውን ለመቋቋም ዳይስ ወርውሮ ያልተሳካለት ጠላት፣ ከፎካሪው ሌላ ሰው ሲመታ 2 ይቀነስበት፤ አንድ ጠላት ላይ በአንድ ውጊያ 1 ጊዜ ብቻ። የፎከረ ሰው ጦሩን ወደ ራሱ ይጠራል፣ ነገሩም ይኸው ነው።

የጮቄ ልጅ
ገባኝ። ችሎታዎቹን ለመጠቀም መክፈያው «ወኔ» የሚባል ነጥብ ቢሆንስ? በ1 ይጀምራል፣ በመታ ቁጥር 1 ይጨምራል፣ ጣሪያው 3።

ዳይስ ቆጣሪ
በመታ ቁጥር ካልከው፣ ከአለቃው በር ውጭ ዶሮ እየወቃ ወኔውን ሞልቶ ይገባል። (አትሳቅ፣ ያደርጉታል።) በጋሻው ምት ሲመክት ይጨመርለት፤ ውጊያው ሲያልቅም ወደ 1 ይመለስ።

ባለሽመል
ተጫዋቹ ግጥም ካላወረደ ፉከራው አይሠራም እንዳትል ብቻ። ደብተራውን ድግምቱን በግእዝ ድገም አላልከውም።