ካሺ፣ ቺኒ፣ ስኒ፦ የፋርሱን ሰማያዊ ሸክላ ምን እንበለው?

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ቤቶች! አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ተያዝኩ። ፋርስን (የዛሬዋን ኢራን) ይገዙ በነበሩት በሳፋቪዶች ዘመን፣ ከርማንና መሽሃድ በሚባሉ ከተሞች ውስጥ ይሠራ ስለነበረው፣ ነጭ ላይ በሰማያዊ ስለተሣለው ዕቃ ነው። «ፖርሴሊን» ልበለው ወይስ «ሸክላ»? ደግሞ «ካሺ»፣ «ቺኒ»፣ «ላጅቫርድ» የሚሉ ቃላት ይደጋገማሉ። የምታውቁ እስቲ ወዲህ በሉ።

የኮምቦልቻው፦
ፖርሴሊን እንዳትለው ወንድሜ። ፖርሴሊን ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈርና እጅግ የጋለ ምድጃ ይፈልጋል። የቻይናዎቹ ሙያ ነው። ፋርሶቹ መልኩን ወደዱት እንጂ አፈሩ አልነበራቸውም። ስለዚህ በዘዴ ተወጡት።

ዘዴውን ጽፎ ያስቀረልን የካሻኑ አቡልቃሲም ነው፤ ከታወቀ የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1301 በጻፈው ላይ ልኩ እንዲህ ነው፦ አሥር እጅ የተፈጨ ነጭ ድንጋይ፣ አንድ እጅ የተፈጨ ብርጭቆ፣ አንድ እጅ ነጭ አፈር። አየህ፣ ዕቃው በአብዛኛው ድንጋይ ነው። የኛ «ሸክላ» ደግሞ ሲሰሙት ጭቃ ጭቃ ይላል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ላይ «ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ ሸክላ» ብዬ አስረዳና ከዚያ በኋላ «ሸክላ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጫፉ የተሸረፈ ካገኘህ ስብራቱን ጠጋ ብለህ እየው። ነጭ፣ ቅንጣት ቅንጣት የሚል ነገር ነው። አቡልቃሲም ራሱ ያንን ድንጋይ «የስኳር ድንጋይ» ይለዋል።

«ካሺ» ቀላል ነው። ካሻን ከተማ ነው፤ «ካሺ» የካሻን ማለት ነው። ዛሬ ለግድግዳ ጡብ ይውላል፤ መስጊዶቹ ላይ የምታየው ባለቀለሙ ማለቴ ነው።

«ቺኒ» ግን ያስቃል። «ቻይናዊ» ማለት ነው። ፋርስ ውስጥ ፋርሶች የሠሩት ዕቃ «ቻይናዊ» ተባለ! ያለ ምክንያት አይደለም። የሳፋቪዶቹ ንጉሥ ሻህ አባስ እ.ኤ.አ. በ1611 ከሺህ በላይ የቻይና ዕቃ አርዳቢል ከተማ ላለው የቤተሰቡ ቅዱስ መቃብር ሰጥቷል። ማስቀመጫውም «ቺኒ ኻና»፣ የቺኒ ቤት፣ ይባላል። ሠሪዎቹ የቻይናውን አስመስለው እስከ ታችኛው ማኅተም ድረስ ገልብጠዋል። ዕቃውን ገልብጠህ ቂጡን ብታየው የቻይና ፊደል የሚመስል ጭረት ታገኛለህ። አይነበብም። ለይምሰል ነው።

ገበያውም አመነላቸው። እ.ኤ.አ. በ1644 የሚንግ መንግሥት ወድቆ ቻይና ስትታመስ፣ የኔዘርላንድስ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የፋርሱን እየገዛ በቻይናው ፋንታ ሸጧል።

እትዬ ሰንፔር፦
ጋሼ፣ «ላጅቫርድ»ን ዘለሉት እኮ! ላጅቫርድ አፍጋኒስታን ካለው ከባዳኽሻን ተራራ የሚወጣው ሰማያዊ ድንጋይ ነው። ስሙ በዓረብኛ አድርጎ አውሮፓ ገብቶ «አዙር» ሆኗል። ግን ሸክላው ላይ ያለው ቀለም ያ ድንጋይ አይደለም፤ ኮባልት የሚባል ሌላ ማዕድን ነው። ካሻን አጠገብ ቃምሳር ከሚባል ቦታ ይወጣ ነበር። ተርጓሚ እዚህ ላይ ይሳሳታል። «በላጅቫርድ የተሣለ» ሲል ስለ መልኩ ነው፣ ስለ ማዕድኑ አይደለም።

ሌላ ነገር ልጨምር። ቻይናዎቹ ደግሞ ከእስላም አገር የሚመጣላቸውን ይህን ቀለም «ሁይሁይ ጪንግ»፣ የሙስሊም ሰማያዊ፣ ይሉታል። ዕቃው ፋርስ ላይ «ቻይናዊ»፣ ቀለሙ ቻይና ላይ «ሙስሊም»። ማንም የራሴ ነው አላለም።

ቃል ለቃሚ፦
ኧረ ድንቅ ነው እትዬ! እና የኛ «ስኒ»ስ?

የኮምቦልቻው፦
እሱም ከዚያው ቤት ነው። ዓረብኛው «ሲኒ» ቻይናዊ ማለት ነው፤ ጥሩ ዕቃ ከዚያ ስለሚመጣ ስሙ ዕቃው ላይ ቀረ። «ፍንጃል» ደግሞ ከዓረብኛው «ፊንጃን» ነው፤ እሱም ከፋርስኛው «ፒንጋን» የመጣ። ቡናው የኛ፣ ስሙ የሰው!

እትዬ ሰንፔር፦
ቃል ለቃሚ፣ «ሰማያዊ ሸክላ» ብለህ ብቻ እንዳትተወው። የኛ «ሰማያዊ» መንግሥተ ሰማያትም ድረስ ይወስዳል። «በነጭ ላይ ሰማያዊ ሥዕል» ብትል ይሻላል። ጥቁር መስመሩንም አትርሳ። ኮባልቱ እሳት ሲነካው ከላዩ ልባስ (መስታወት መሰል ሽፋኑ) ጋር መፍሰስ ይወዳል። ብዙዎቹ የሳፋቪድ ዕቃዎች ላይ አበባውና ወፉ ዙሪያውን በቀጭን ጥቁር መስመር ተከብቧል። ሰማያዊው ወደ ጎን ደብዘዝ ብሎ ሲያመልጥ ጥቁሩ ባለበት ይቆያል።

ቃል ለቃሚ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ጽሑፉ ልባሱ ላይ ስላለ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያወራል። «ተሰነጠቀ» ልበል?

የኮምቦልቻው፦
«ነቃ» በለው እንጂ! «ፍቅርና ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ሲባል አልሰማህም? ዕቃው አልወደቀም፣ አልተከፈለም፣ ግን ነቅቷል። ጫፉ ከጎደለ «ተሸረፈ»፤ ለሁለት ከሆነ «ተሰበረ»። የሙዚየም ዕቃ ላይ ሦስቱም ይኖራሉ፤ አታቀላቅላቸው። ያንተ ግን ሥጋው ደህና ሆኖ ልባሱ ብቻ ከሆነ፣ «ልባሱ ነቅቷል» ብለህ ለይተህ ጻፍ።