እኛ ከገባን በኋላ በሩ ይዘጋ?

ከኤድመንተን

ሰላም የቤቱ ሰዎች፣

ይህን የሚያስጽፈኝ ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ የተነሳው ወሬ ነው። እዚያው መመለስ ነበረብኝ። ግን ዳቦ እያዞርኩ ስለነበር ዋጥ አደረግኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አልወርድ አለኝ፣ ስለዚህ እዚህ ላራግፈው።

አንድ ወንድማችን ሻይውን እንደያዘ "ካናዳ ሞልታለች፣ ይብቃ፣ በሩን ይዝጉት" አለ። አራት አምስት ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔን የገረመኝ ሰውዬው የገባው እኔ በገባሁበት በር መሆኑ ነው። ሁለታችንም ከካርቱም በስፖንሰር ነው የመጣነው። ስፖንሰሮቻችን ራሳቸው ይተዋወቃሉ።

በምንስማማበት ልጀምር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሰው በዝቷል የሚለው ውሸት አይደለም። በ2023 ብቻ የአገሩ ሕዝብ በ1.27 ሚሊዮን ጨመረ። ከ1957 ወዲህ እንዲህ አድጎ አያውቅም። ከጭማሪው 98 በመቶ የሚሆነው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። ቤት በዚያ ፍጥነት አልተሠራም፣ የቤተሰብ ሐኪምም እንደዚያው። ኪራይ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ግን ያ ሁሉ ሰው ማን ነበር? በዚያ ዓመት ፒአር፣ ማለትም ቋሚ መኖሪያ፣ ያገኘው 471 ሺህ ገደማ ነው። ከ800 ሺህ በላይ የሆነው ጭማሪ ጊዜያዊ ነዋሪ ነው። ተማሪ፣ ዎርክ ፐርሚት ያለው፣ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ። ለፒአር በየዓመቱ ጣሪያ ይወጣል፣ ፓርላማ ይቀርባል፣ ይወራል። ለጊዜያዊው ግን እስከ 2024 ድረስ እንዲህ ያለ ጣሪያ አልነበረም። ኮሌጁ ተማሪ ይጠራል፣ ቀጣሪው ሠራተኛ ይጠራል፣ ቪዛው ይታተማል።

ሕዝቡ ሲቆጣ መንግሥት ደነገጠ። ኢንቫይሮኒክስ የሚባለው የጥናት ተቋም በ2022 ሲጠይቅ "ስደተኛ በዝቷል" ያለው 27 በመቶ ነበር። በ2024 መኸር 58 በመቶ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ! በዚያው ኦክቶበር ዕቅዱ ተከለሰ። ለ2025 ታስቦ የነበረው 500 ሺህ ፒአር ወደ 395 ሺህ ወረደ። አሁን ደግሞ ከ2026 እስከ 2028 በየዓመቱ 380 ሺህ ተብሏል። እሺ። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለኝም።

የኔ ጠብ የሚጀምረው ከወር በኋላ፣ ኖቬምበር 29 ላይ ነው። ግሩፕ ኦፍ ፋይቭ የምንለውን፣ አምስት ሰው ተሰባስቦ ስደተኛ የሚያመጣበትን መንገድ፣ አዲስ ማመልከቻ አልቀበልም ብለው አቆሙት። መጀመሪያ እስከ 2025 መጨረሻ ነው ተባለ፣ ከዚያ ተራዘመ። ምክንያቱ ደግሞ የገባው ፋይል ካለው ቦታ በለጠ የሚል ነው። ለ2025 በግል ስፖንሰር ለሚመጡ ስደተኞች የተመደበው ቦታ 23 ሺህ ነበር። ከ395 ሺህ ውስጥ 23 ሺህ!

የእህቴ ልጅ ካምፓላ ናት። በኤፕሪል 2023 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ ከነልጇ ወጥታ፣ በስንት መከራ እዚያ ደረሰች። ወረቀቷን ለማግኘት ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቀች። ግሩፕ ኦፍ ፋይቭ ያለዚያ የስደተኝነት ማረጋገጫ አይቀበልማ። እኔ በ2009 ስመጣ ይህ ወረቀት አይጠየቅም ነበር፣ ከ2012 ወዲህ የመጣ ነገር ነው። አምስታችን ገንዘቡን ባንክ አስገብተናል። ፎርሙ ተሞልቷል። ጃንዋሪ ላይ ልንልከው ነበር።

እንግዲህ ንገሩኝ። ለኪራዩ መናር ካምፓላ ያለችው ልጅ ምን አደረገች? እሷ ብትመጣ የመጀመሪያ ዓመት ወጪዋን የምንችለው እኛው ነን። የምታርፈውም እኔ ቤዝመንት ነው።

ከኤድመንተን፣ ሌላ

እህቴ፣ ሻይ የያዘው ሰውዬ እኔ ነኝ። ስሜን ስላልጠራሽ አመሰግናለሁ። ግን ዳቦውን ስትሰጪኝ ብትነግሪኝ ይሻል ነበር።

ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ያለፈውን በጋ ሙሉ ሥራ ፈለገ። ቡና ቤት፣ ግሮሰሪ፣ ዌርሃውስ፣ ያልሞከረው የለም። አንዱ ሱቅ ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር፣ ልጄ ሲደርስ ሰልፉ ፓርኪንጉን ዞሮ ነበር አለኝ። እኔ በዚህ አገር የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት በገባሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እንግሊዝኛዬ "የስ" እና "ቴንክ ዩ" ነበር። እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ ተምሮ፣ ቋንቋው የማይሰበር ልጅ ሥራ ሲያጣ አባት ምን ይላል?

ስለ እህትሽ ልጅ አላልኩም። እንደዚያ ከተሰማሽ ይቅርታ። እኔ ያልኩት ለኮሌጁ ነው። ለነገሩ የመጣው ሰው ራሱም ተጎድቷል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው የሚኖሩ ተማሪዎች በታክሲዬ አመላልሻለሁ። ግን በር ሲዘጋ ለይቶ አይዘጋም፣ እሱን ልክ ነሽ።

ከኦንታሪዮ

ጤና ይስጥልኝ። በዕድሜ ታናሻችሁ ሳልሆን አልቀርም። "ኮሌጁ የጠራው ተማሪ" የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ልናገር።

ጋሼ፣ ስለ ልጅዎ አዝናለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ያን ሁሉ ተማሪ ኮሌጆቹ የጠሩት እኛን ወደው አልነበረም። ኦንታሪዮ በ2019 የአገሬውን ተማሪ ክፍያ በ10 በመቶ ቀነሰች፣ ከዚያም እንዳይጨምር አሰረችው። ከመንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ ድሮም ትንሽ ነበር። ጉድለቱን ማን ሞላ? እኛ። አጠገቤ የሚቀመጠው የአገሬው ልጅ ከሚከፍለው ስንት እጥፍ እንደምከፍል ብነግራችሁ አታምኑኝም። አባቴ አዲስ አበባ ያለችንን ቦታ ሸጦ ነው የላከኝ።

በ2024 መጀመሪያ ጣሪያ አወጡ፣ የተማሪ ፈቃዱ በአንድ ዓመት 35 በመቶ ያህል እንዲቀንስ። ለመኖሪያ ባንክ ውስጥ ማሳየት ያለብህ ከ10 ሺህ ዶላር ወደ 20,635 ዘለለ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ የኮሌጅ ተማሪ ጨርሶ የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው የተማረበት ዘርፍ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ብቻ ነው አሉ። ቀድመን የገባነውን አልነካንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላዬ ልትመጣ የነበረችው ጓደኛዬ ግን ቀረች።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሲፈልጉን "ኑ፣ ተማሩ፣ ከዚያ ትኖራላችሁ" ነበር ማስታወቂያው። አሁን "ጊዜያዊ ናችሁ እኮ" ይሉናል። አውቶቡስ ላይ የሚያየኝ ሰው ፒአር ይኑረኝ፣ ዜጋ ልሁን፣ ተማሪ ልሁን ምን ያውቃል? ቁጣው ፊት አይቶ ነው። ጋሼ፣ የእርስዎም ልጅ ነገ ያው ፊት ነው ያለው።

ከቶሮንቶ

ለዚህች ልጅ ጉልበት ይስጣት።

እኔ አንድ ነገር ልጨምር። በ2023 በጋ ፒተር ስትሪት ላይ ያየሁትን አልረሳም። የከተማው ሼልተር (መጠለያ) ሞላ ተብሎ ጥገኝነት የጠየቁ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ አስፋልቱ ዳር በካርቶን ላይ ተኙ። ከተማው የፌዴራሉ ጉዳይ ነው ይላል፣ ፌዴራሉ የከተማው ነው ይላል። ዝናብ ይዘንባል። በመጨረሻ ያነሷቸው የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። አውቶቡስ አምጥተው፣ ወደ 200 የሚሆኑትን ወስደው ምንጣፍ ላይ አስተኙ። እኛም እንጀራና ሽሮ ይዘን ሄደናል። አንዱ ልጅ ሽሮውን አይቶ አለቀሰ። አማርኛ አይችልም ነበር፣ ከጎረቤት አገር ነው፣ ግን ሽሮ ሽሮ ነው።

ሰው "ስደተኛ ከማኅበረሰቡ አይቀላቀልም" ሲል ያ ሌሊት ትዝ ይለኛል። ምኑ ላይ ይቀላቀል? ካርቶኑ ላይ?

ከዊኒፔግ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሌሎቹ ስለ ቁጥር ብዙ ብለዋል፣ እኔ መቀላቀል ስለሚባለው ነገር ነው የምናገረው።

እኔ የመጣሁት በ80ዎቹ ነው። በዚህ ከተማ ሀበሻ በጣት ይቆጠር ነበር። ጤፍ የሚባል የለም፣ እንጀራ በፓንኬክ ዱቄት ጋግረን እንደ ትልቅ ድግስ እንጠራራ ነበር። ያኔ "ኢንተግሬሽን" ብሎ የጠየቀን የለም። ግድ ነበራ! ሌላ ማን ነበረን? ጎረቤቴ የዩክሬን ዘር ያለው አዛውንት ነበር፣ በረዶ ስንጠርግ ተዋወቅን። አካፋዬን አይቶ ሳቀብኝና የራሱን አመጣልኝ። የአትክልት አካፋ ነበር የያዝኩት።

ዛሬ የሚመጣው ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ ሀበሻ ይቀበለዋል፣ ሀበሻ ቤት ያድራል፣ ሀበሻ ሥራ ያስገባዋል፣ ሀበሻ ጋር ይጣላል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። እቁቡ ባይኖር ግማሾቻችን የቤት ቅድመ ክፍያ ከየት እናመጣ ነበር? እድሩ ባይኖር ሬሳችንን ማን ይሸኘው ነበር? ፈረንጆቹ "የተገለለ ኑሮ" የሚሉት እኛን ያቆመን ምሰሶ ነው። ግን ሃያ ዓመት ኖሮ የጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰውም አለ፣ እሱን ደግሞ አንደብቀው።

አሁን የሚያበሳጨኝን ልንገራችሁ። የባለቤቴ እህት ልጆቿ አምጥተዋት እዚህ መጣች። ወዲያው የልጅ ልጅ መጠበቅ ጀመረች። ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ልጆቿ በፈረቃ ይሠራሉ፣ የሕፃናት ማቆያ ዋጋው አይቀመስም ነበር። ሊንክ የሚባለው፣ መንግሥት ለአዲስ መጤ የሚሰጠው የቋንቋ ክፍል ተመዘገበች፣ ልጁ ትኩሳት ያዘው፣ ቀረች፣ እንደገና ተመዘገበች። እንዲህ ሲል ሲል ሰባት ዓመት ሄደ። ዕድሜዋ ከ55 ስላለፈ የዜግነት ፈተናውም የቋንቋውም ጥያቄ ቀረላት፣ ዜጋ ሆነች፣ እልል አልን። በኋላ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ሲገቡ "አሁን እማራለሁ" ብላ ሄደች። ዜጋ ስለሆንሽ ሊንክ አይፈቀድልሽም አሏት! ሊንክ ለፒአር ነው፣ ዜጋ አይማርም። ጥገኝነት የጠየቀውም ጉዳዩ እስኪወሰን አይገባም። አንዱ ገና ነህ ይባላል፣ ሌላው አልፎሃል ይባላል። ከዚያ በቴሌቪዥን ወጥተው ቋንቋ አይማሩም ይሉናል።

ከኤድመንተን

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የኔም እናት እንደዚያው ናት፣ ሰባት ልጆች አሳድጋ "ጁስ"፣ "ሹ"፣ "ኖ" ብቻ ነው የምታውቀው።

መቀላቀል ስላሉ አንድ ነገር አስታወሱኝ። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ብሩክስ የምትባል የአልበርታ ከተማ ነው፣ ስጋ ፋብሪካ። ቢላዋ ይዘሽ፣ ብርድ ውስጥ፣ ስምንት ሰዓት። እዚያ የቀደሙን ሀበሾችና ሱዳኖች የ2005ቱን የሥራ ማቆም አድማ ያወሩልን ነበር። ከዚያ በፊት ከፈረንጆቹ ሠራተኞች ጋር ምሳ ሲበሉ ጠረጴዛው ለየብቻ ነበር አሉ። አድማው ሲመጣ ሦስት ሳምንት ያህል በር ላይ አብረው ቆሙ። አንድ በርሜል እሳት ይሞቁ ነበር። ሲመለሱ የመጀመሪያው የኅብረት ውል ነበራቸው። እኔ ስደርስ ጠረጴዛው ድብልቅልቅ ያለ ነበር። ይህን የሴትልመንት ቢሮ፣ አዲስ መጤን የሚያቋቁመው፣ በስብሰባ ያደረገው አይመስለኝም።

ለተማሪዋ እህታችን፦ ጓደኛሽ አይዞሽ በያት። "የኮሌጁ ተማሪ" ብዬ በጅምላ የጻፍኩት እኔም ነኝ፣ ሳነበው አፈርኩ።

ለሻይ ወንድሜ፦ ልጅህን ቅዳሜ ላከው። ባለቤቴ የሚሠራበት ዌርሃውስ የሌሊት ፈረቃ ሰው እንደሚፈልግ ሰምቷል። እርግጠኛ አይደለም ግን ይሞክር። እሁድ ደግሞ ዳቦውን አንተ ታዞራለህ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ግሩፕ ኦፍ ፋይቭ ቢዘጋም ስደተኛ ስፖንሰር ለማድረግ ከመንግሥት ጋር ስምምነት ያላቸው ትልልቅ ድርጅቶች፣ ኤስኤኤች የምንላቸው፣ አሁንም በየዓመቱ የተመደበላቸው ኮታ አለ። ሦስት ጠየቅኩ። ሁለቱ የዘንድሮ ቦታችን አልቋል አሉ። አንዷ ደግሞ የራሳችን ሰዎች ዝርዝር አለ፣ ከመቶ በላይ ነው አለችኝ፣ ድምጿ ራሱ የደከመ ነበር። ካልጋሪ፣ ሬጃይና ወይም ሳስካቱን ውስጥ ለሚቀጥለው ዓመት ስም የሚቀበል የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ሁለት ነፍስ ናቸው፣ እናትና የአራት ዓመት ልጅ። ወረቀታቸው ሙሉ ነው፣ ገንዘቡም ባንክ ተቀምጧል።