የየካቲቱ ጉዞ ዕቅድ፦ ከማርቆስ እስከ ጫሞ፣ በራሳችን

ሰብሳቢዋ፦
እንዴት ሰነበታችሁ። እሑድ ዕለት እንደተነጋገርነው ልጆቹ የዱር አራዊት የሚያዩበትን ጉዞ እዚሁ ጽፈን እንጨርስና ለቀጣዩ ስብሰባ አንድ ረቂቅ እናቅርብ። 6 ቤተሰብ ነን፤ 12 አዋቂ፣ 14 ልጅ። ትንሹ 5 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 15 ሞልታለች።

እስካሁን የጸናው ውሳኔ አንድ ነው፤ አስጎብኚ ድርጅት አንይዝም። ምክንያቱን አዲስ ለገባችሁት አባላት ልድገመው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከነልጆቼ በአንድ አስጎብኚ በኩል ሄጄ ነበር። በ5 ቀን 7 ቦታ አዞሩን። ልጄ ከሐይቅ ዳር ቆማ አንዲት ወፍ ዓሣ በመንቆሯ እያገላበጠች ስትውጥ ታያለች። ዓሣው በወፏ ጉሮሮ ሲወርድ ቅርጹ ከውጭ ይታይ ነበር። «እማ፣ ትንሽ ቆዪ» ስትለኝ መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ወፏ ዓሣውን ውጣ ስትጨርስ ሳታይ ጎትቼ አስገባኋት። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ በራሳችን እንሂድ ስል ወጪ ለመቀነስ ብቻ አይደለም። ልጅ የሚቆምበትን ቦታ ልጁ ራሱ እንዲመርጥ ነው።

የሦስት ልጆች አባት፣ ከደጀን፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ። ዓባይ ዳር ያደጉ ልጆቻችን ጉማሬ የሚያውቁት በሥዕል ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እኛ ላይ ደረሰ። አንዴ ከተነሣን ግን ሁሉንም እንያቸው። አዋሽ ላይ ሳላ፣ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ፣ አርባ ምንጭ አጠገብ ነጭ ሳር ፓርክ ላይ የሜዳ አህያ፣ ከዚያ ማጎ ፓርክ። ይህን ያህል ብር ቆጥበን አንድ ጥግ አይተን መመለስ አይከፋም?

የባዮሎጂ መምህሩ፦
ወንድሜ፣ የባሌን ነገር ስታነሣ ልቤ ከአንተ ጋር ነው። እኔ ራሴ ቀይ ቀበሮ ማየት እመኛለሁ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ናቸው፣ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። የእኛው ጮቄ ተራራ ላይም ነበሩ። ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ከታየ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ይህን ለተማሪዎቼ በነገርኩ ቁጥር ክፍሉ ፀጥ ይላል።

ግን ቀበሮዎቹ ያሉበት የባሌው ሰነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,285 ሜትር ገደማ። የ5 ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዚያ ውርጭ ወደዚያ ሙቀት ማውረድ ልክ አይደለም። አዋሽ በሌላ አቅጣጫ ነው፣ ማጎም ከአርባ ምንጭ ወዲያ ገና ብዙ ያስኬዳል። አራቱን ካልን ሰብሳቢያችን የነገረችንን ጥሩምባ ራሳችን ልንነፋ ነው።

የእኔ ሐሳብ ሁለት ማረፊያ ብቻ ነው፤ ሐዋሳ 2 ሌሊት፣ አርባ ምንጭ 3 ሌሊት። የቀረው መተላለፊያ ይሁን። በመንገዳችን ግን ሰንቀሌን አንለፈው። ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ ስንሄድ ከአጄ ትንሽ ገባ ይላል። ቆርኬ የሚባለው የዱር እንስሳ የሚጠበቅበት መጠለያ ነው። የስዌይን ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ከዚያው ከሰንቀሌ ተወስዶ ነጭ ሳር የገባው ቁጥሩ በጣም ስለተመናመነ፣ ቆርኬን ነጭ ሳር ላይ እናያለን ብላችሁ ለልጆቹ ቃል እንዳትገቡ። ሰንቀሌ ላይ ግን ሣሩ ዝቅ ያለ፣ ሜዳው የተገለጠ ነው፤ ልጅ ያለ አጉሊ መነጽርም ያየዋል።

የመንታዎቹ እናት፦
መምህር፣ የሐዋሳው ለምን አስፈለገ? ከተማ ነው እኮ።

የባዮሎጂ መምህሩ፦
እህቴ፣ ለትንንሾቹ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ሲገቡ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቁመታቸው የመንታዎችሽን ያህላል። የዓሣ አንጀት ሲጣልላቸው ክንፋቸውን ዘርግተው ሲሻሙ ልጅ በሦስት እርምጃ ርቀት ቆሞ ያያል። በሐይቁ ዳር ዛፍ ላይ ጉሬዛ አለ። አራዊት ማየት ማለት ለሰዓታት መንዳት እንዳልሆነ ልጆቹ እዚያ ይማራሉ። ከዚያ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ መጠበቅ አይከብዳቸውም።

ሾፌሩ፦
ስለ መንገዱ ልናገር። ኮስተሩ 26 ሰው ይይዛል፣ ዕቃው ግን ከላይ ይጫናል፤ ስለዚህ ሻንጣ ለቤተሰብ ሁለት ብቻ። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው። የሚያስቸግረው ርቀቱ አይደለም፣ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ቁልቁለትና ዳገት ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደን መልሰን እንወጣለን። ልጅ የሚያስታውከው እዚያ ነው። ጠዋት ቅባት የበዛበት ቁርስ አታብሏቸው፣ ደረቅ ዳቦና ሻይ ይበቃል። መኪና የማይስማማቸው ልጆች ከፊት ይቀመጡ፣ መጽሐፍም ስልክም እንዳያዩ። ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ አንድ ጊዜ አቆማለሁ።

በማታ አልነዳም። ይህ ለድርድር አይቀርብም። ከመነሣታችን ሁለት ቀን በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ ሰዎች አጣርቼ እነግራችኋለሁ። ክፍት ካልሆነ ቀን እንገፋለን፤ ማንም በእልህ «እንሂድ» እንዳይለኝ።

የደጀኑ አባት፦
ጋሼ፣ እሺ። የባሌውን ለከርሞ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ፍቀዱልኝ፤ ደብረ ሊባኖስ ላይ ሁለት ሰዓት እንቁም። ለገዳሙም ለጭላዳ ዝንጀሮውም።

የባዮሎጂ መምህሩ፦
ይህስ ግሩም ነው። ጭላዳም ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። የሣር ተመጋቢ ነው፤ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣሩን እየነጨ፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይከታል፣ ከዚያ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደሚቀጥለው ሣር ይሄዳል። ሠላሳ ደቂቃ ዝም ብለው ካዩት ልጆቹ የሚጽፉት አያጡም። ዳቦ ግን እንዳይሰጡት አስቀድመን እንንገራቸው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ኋላ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል።

ነርሷ፦
ይቅርታ ዘግይቼ ነው፣ ተረኛ ነበርኩ። እኔን የሚያሳስበኝ ወባ ነው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ልጆቻችን ወባ አያውቁም ማለት ይቻላል። አርባ ምንጭ ግን ወባማ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመነሣቱ ሦስት ሳምንት በፊት ልጆቹን ሐኪም ዘንድ ይውሰድ። የመከላከያው መድኃኒት በልጁ ክብደት ይታዘዛል፤ ለአዋቂ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ከፋርማሲ በግምት ገዝታችሁ እንዳትሰጡ፣ ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

አጎበር ከቤታችን እንያዝ። ሆቴሉ አለኝ ቢልም ብዙ ጊዜ የተቀደደ ነው። መርፌና ክር ከእኔ ጋር ይኖራል። ከምሽት ጀምሮ እጅጌ ረጅም፣ ሱሪ ረጅም። ከተመለስን በኋላም ነገሩ አያበቃም። ወባ ከተነከሱ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታየው፣ አንዳንዴም ወር ቆይቶ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ልጁ ቢያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትደሩ፤ በዚያው ቀን አስመርምሩ፣ አርባ ምንጭ እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ። ካልነገራችሁት ማርቆስ ላይ ወባን ላያስብ ይችላል።

ሌላው፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ልጅ እግሩን እንዳይነክር። ቢልሃርዝያ አለ። ጣናም ያው ነው፤ ይህን የምናውቀው እኛው ነን፣ ግን እንረሳዋለን። አርባ ምንጭ ያሉት ጫሞና አባያ ሐይቆች ላይ ደግሞ ምክንያቱ አዞ ነው፣ እሱን ማንም አይረሳም።

የመንታዎቹ እናት፦
ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። የእኔ ጭንቀት ጀልባው ነው። ልጆቼ ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። አንደኛው ከፈራ መጮህ ይጀምራል፣ ከዚያ መነሣት ይፈልጋል። አዞ በከበበው ውኃ ላይ ይህን እንዴት እችለዋለሁ? እኔ ልቅር ብል አትቀየሙኝ።

ሰብሳቢዋ፦
እህቴ፣ አንቺ ቀርተሽ ጉዞው ጉዞ አይሆንም። እስቲ እንዲህ እናድርግ። በገና ሰሞን ሁላችንም ባሕር ዳር ለአንድ ቀን እንሂድ፤ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ድረስ በጀልባ አንድ ሰዓት። ጉማሬም እዚያ ይታያል። ልጆቹ የሕይወት ጃኬት ለብሰው መቀመጥን እዚያ ይለማመዱ። ማን እንደሚፈራ፣ ማን እንደሚያስታውክ፣ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደሌለበት ሁሉ እናያለን። የፈራው ልጅ አርባ ምንጭ ላይ ከወላጁ ጋር ከሐይቁ ወዲህ ይቆያል፤ አርባዎቹ ምንጮች ያሉበት ደን ውስጥ መራመድ ራሱ የሚያስደስት ነው። ማንንም አናስገድድም።

የባዮሎጂ መምህሩ፦
በጣም ጥሩ። ጀልባውን በጠዋት እናድርገው። አዞዎቹ ከቀዝቃዛው ሌሊት በኋላ ፀሐይ ለመሞቅ የሚወጡት ያኔ ነው፤ «የአዞ ገበያ» የሚባለው ዳርቻ ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተው ይታያሉ። አፉን የሚከፍተው ሊበላ አይደለም፤ ሙቀቱን የሚያስተካክለው በዚያ ነው። ይህን ቀድመው ያወቁ ልጆች አይደነግጡም። ጉማሬውን ግን ከአዞ አስበልጠን እንፍራው። ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ከውኃ ይወጣል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ማንም ልጅ ሐይቅ ዳር እንዳይገኝ።

የነጭ ሳር ሜዳ ሌላ ጉዳይ ነው። ኮስተር አይገባውም፣ ባለ ሁለት ዲፍረንሻል መኪና ያስፈልጋል፣ መንገዱም ክፉኛ ያንገጫግጫል። ስለዚህ እንከፈል። ከ10 ዓመት በላይ ያሉት ከአራት አዋቂዎች ጋር፣ ከፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ይዘው፣ ወደ ሜዳው። ትንንሾቹ ደግሞ ወደ ዶርዜ ደጋ። የዶርዜን ቤት አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፤ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ፊቱ ዝሆን የሚመስል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፣ አንሥተውም ሌላ ቦታ ያቆሙታል። የ6 ዓመት ልጅ የሜዳ አህያ ፍለጋ ለሰዓታት ከመንገጫገጭ ይህን ቢያይ ይሻለዋል።

ለትልልቆቹ አንድ ታሪክ አለኝ። በ1990 እ.ኤ.አ. ነጭ ሳር ላይ አጥኚዎች መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ፤ ከእሷ የያዙት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ያ ክንፍ ከሚታወቅ ወፍ ሁሉ የተለየ ሆኖ ስለተገኘ በ1995 እ.ኤ.አ. የነጭ ሳር ወፍ ተብላ ስም ወጣላት። ለሳይንስ የታወቀችው በአንድ ክንፍ ነው። ልጆቹን ማስታወሻ እንዲይዙ የምለምናቸው በዚህ ነው።

ገንዘብ ያዡ፦
እኔ አጭር ነው የምናገረው። ከመስከረም ጀምሮ የሚቆጠበው እንዳለ ሆኖ፣ ከጠቅላላው አሥር በመቶ መጠባበቂያ ይያዝ፤ ለሕክምና፣ ለጎማ፣ ለተጨማሪ ሌሊት። ሳንጠቀምበት ከተመለስን ለየቤተሰቡ ይመለሳል። ጀልባ፣ ስካውትና መኪና የምንከፍለው እዚያው ለባለቤቶቹ ይሁን፣ በደላላ አንግባ። ደረሰኝ ሁሉ ለእኔ።

የደጀኑ አባት፦
ቀኑስ? የካቲት ብለናል፣ ግን ጾሙ?

ሰብሳቢዋ፦
ነነዌ እንደ ዓመቱ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ውስጥ ይውላል፣ ዐቢይ ጾምም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ውስጥ ይገባል። የዘንድሮውን ከአባ ጠይቄ፣ ከትምህርት ቤቱ የአጋማሽ ዕረፍት ጋር አስተያይቼ ቀኑን እጽፋለሁ። ጾም ውስጥ ከወደቀም ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ስለሆነ አንቸገርም። ከመጋቢት ወዲያ ግን አንገፋውም፤ ደቡብ ዝናቡ የሚይዘው ያኔ ነው፣ የነጭ ሳርም መንገድ ይጨቀያል።

ረቂቁን እንዲህ ላስፍረው። 9 ቀን፣ 8 ሌሊት። የመጀመሪያው ቀን በደብረ ሊባኖስ አድርገን አዲስ አበባ እናድራለን። ሐዋሳ 2 ሌሊት፤ በሰንቀሌ በኩል አርባ ምንጭ 3 ሌሊት፤ መመለሻው በሶዶና በሆሳዕና፣ ሆሳዕና 1 ሌሊት፣ አዲስ አበባ 1 ሌሊት። በቀን አንድ ዋና ነገር ብቻ፤ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት። አንድ ልጅ «ትንሽ ቆዩ» ካለ 20 ደቂቃ የራሱ ነው፣ ማንም አያቋርጠውም። ይህኛው ዓረፍተ ነገር በረቂቁ እንዲገባ እኔ በግሌ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ክፍት ትቻለሁ። ወደ ሐዋሳ ስንሄድ ላንጋኖ ላይ ይዋኙ ወይስ በዚያው አጠገብ አቢያታ ሻላ ገብተው ሰጎን ይዩ? ሁለቱም በአንድ ቀን አይሆኑም። ልጆቹ እሑድ ድምፅ ይስጡ።

ነርሷ፦
20 ደቂቃው ይጽደቅ። ግን ከምሽት በኋላ አይሠራም በሉ፣ ለወባው።

የመንታዎቹ እናት፦
ባሕር ዳር እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ እነግራችኋለሁ። ትናንት ማታ ረቂቁን ሳነብላቸው የሚፈራው ልጄ «ጉማሬው ጥርሱን ሲከፍት ስንት ጥርስ እንዳለው እቆጥራለሁ» አለኝ። እስከ አሥር ነው መቁጠር የሚችለው። እስከዚያው ሃያ ድረስ አስተምረዋለሁ።

ሾፌሩ፦
ኮስተሩን ሐሙስ ጋራዥ አስገባዋለሁ። የፍሬኑ ሸራ ተፈትቶ ሳይታይ ዓባይን አልወርድም። ለባሕር ዳሩም ጉዞ ጭምር ስለሆነ ገንዘብ ያዡ ቅድሚያ ክፍያውን እስከ ረቡዕ ይላክልኝ።