የመንኮራኩር ኮክፒታችን ማንም ሳይነካው ይጮሃል፤ እርዱኝ

የክበቧ መምህርት (ጎንደር)፦

እንዴት ዋላችሁ። የትምህርት ቤታችንን የሳይንስ ክበብ የምይዘው እኔ ነኝ። ልጆቹ ከኮምፔርሳቶ የጠፈር መንኮራኩር ኮክፒት ሠርተዋል። ሁለት ወንበር፣ 12 የማስጠንቀቂያ መብራት፣ አንድ ባዘርና "ዋና አላርም" የሚባል ትልቅ ቀይ ቁልፍ አለው። ሁሉም አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ነው የተያያዘው፤ በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው። አንድ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ በስዊች ብልሽት ይፈጥራል፤ ኦክስጅን ቀነሰ፣ ባትሪ ደከመ እያለ። ከፊት ያሉት ሁለቱ ደግሞ መብራቱን አይተው መፍትሔ ይፈልጋሉ።

ችግሩ ሦስት ነው። የክፍሉን ፍሎረሰንት ባበራሁ ቁጥር ማንም ስዊች ሳይነካ አላርሙ ይነሳል። ቀዩ መብራት ሲበራ አረንጓዴዎቹ ይጠፋሉ። ባዘሩ እየጮኸ ቁልፉን ብንጫነው አይሰማም፣ ደጋግመን ስንጫነው ድንገት ይሰማና ድምፁም መብራቱም አብረው ጥፍት ይላሉ። ስዊቾቹን ያገናኘንበት የስልክ ገመድ 3 ሜትር ይሆናል።

ትናንት አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ጆሮዋን ይዛ "ቲቸር፣ ይሄ አላርም ውሸታም ነው፣ ዝም ብለን እንለፈው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ግን በጣም ከፋኝ። የወላጆች ቀን ቅዳሜ ነው።

አዘዞ ኤሌክትሮኒክስ፦

እህቴ፣ ኃይል አንሷችሁ ይሆናል። ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁት ከሆነ በሌላ ቻርጀር ሞክሩት።

ሽቦና ሊድ፦

ወንድምዓለም፣ ኃይል ቢያንሰው ኖሮ አርዱዊኖው ራሱ ጠፍቶ ይነሳ ነበር፤ ፍሎረሰንቱንም አይጠብቅም ነበር። እህቴ፣ ስዊቹ ሲከፈት (ሽቦው ሲለያይ) ፒኑ፣ ማለትም የአርዱዊኖው ማገናኛ እግር፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ በአየር ላይ ይቀራል። ያ 3 ሜትር ገመድ ደግሞ አንቴና ሆኖ የፍሎረሰንቱን የኤሌክትሪክ ረብሻ ይለቅማል፣ አርዱዊኖውም ስዊች የተነካ ይመስለዋል። የስዊቹን አንድ ጫፍ ከፒኑ፣ ሌላውን ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልቱ) አገናኙት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ፒን ወደ 5 ቮልት አንድ አንድ ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡ። አርዱዊኖ እንዲህ ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስብ የራሱ የውስጥ ሬዚስተር (ፑልአፕ) አለው፣ ግን ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ ለረጅም ገመድ ደካማ ነው። እንዲህ ስታደርጉ ነገሩ ይገለበጣል፦ ስዊቹ ሲዘጋ (ሽቦው ሲገናኝ) የሚነበበው ዜሮ ነው፣ ኮዱ ላይ አስተካክሉት።

ለመብራቶቹ ስንት ሬዚስተር ነው የተጠቀማችሁት?

የክበቧ መምህርት፦

ለሁሉም አንድ። ባለ 220 ኦም። ገበያ ላይ ሬዚስተር እንደልብ ስለማይገኝ ቆጥበን ነው።

ሽቦና ሊድ፦

በቃ አረንጓዴውን የሚያጠፋው እሱ ነው። ቀይ ኤልኢዲ (ትንሿ መብራት) 2 ቮልት ገደማ ይበቃዋል፣ ደማቁ አረንጓዴ ግን ወደ 3 ይጠጋል። በአንድ ሬዚስተር ስር አብረው ሲሆኑ ቀዩ ቮልቴጁን ወደ ራሱ ልክ ያወርደዋል፣ አረንጓዴው የሚበራበት አያገኝም። ለእያንዳንዱ የራሱን 220 ኦም ስጡት። ያኔ ቀዩ 14 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል፣ ለፒኑም ሰላም ነው። ሬዚስተር መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ራዲዮ ጠጋኞች ጋ የወዳደቀ ቦርድ ጠይቁ፣ በነጻ ትነቅላላችሁ። ከ220 እስከ 470 ያለው ሁሉ ይሆናል።

የጠፈር ነገር የሚወድ፦

ሦስተኛውን ለእኔ ተዉልኝ። ኮዳችሁ ውስጥ ባዘሩን በዲሌይ (delay በሚለው የመጠበቂያ ትእዛዝ) ነው የምታስጮኹት አይደል? ዲሌይ ላይ እያለ አርዱዊኖው ቁልፍ አያይም፣ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ሰዓት በሚቆጥረው ትእዛዝ፣ በሚሊስ (millis) ቀይሩት፤ ሰዓቱን እያየ ሥራውን ይቀጥላል።

ከዚያ ደግሞ ድምፁንና መብራቱን በኮዱ ለዩአቸው። ወደ ጨረቃ በሄደው የአፖሎ መንኮራኩር ዋናው አላርም ሲጫኑት ድምፁ ይቆማል፣ የተበላሸውን ክፍል የሚያሳየው መብራት ግን ብልሽቱ እስኪስተካከል በርቶ ይቆያል። ድምፁ "እዩኝ" ለማለት ነው፣ ምን እንደሆነ የሚናገረው መብራቱ ነው። ድምፁን ራሱ ልትሠሩት ትችላላችሁ፦ 750 እና 2000 ኸርትዝ፣ በሴኮንድ 2.5 ጊዜ የሚፈራረቁ። በየ200 ሚሊሴኮንዱ አንዱን ወደ ሌላው ቀይሩት።

ለልጅቷ ይህን ንገሪልኝ። አፖሎ 11 ከመነሳቱ ጥቂት ቀን በፊት፣ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ የምድር ተቆጣጣሪዎቹ በልምምድ ላይ እንዳሉ የኮምፒውተር አላርም መጣባቸው። ምን እንደሆነ ስላላወቁ ማረፉን አቋረጡ፣ ስህተት ነበር። ከዚያ በኋላ የአላርሞቹ ቁጥር ከነትርጉማቸው በእጅ ተጽፎ ተዘጋጀ። ሐምሌ 13 ቀን 1961 በእኛ አቆጣጠር፣ እውነተኛው ማረፍ ላይ 1202 የሚል የአላርም ቁጥር ሲመጣ ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት እንደሆነና መቀጠል እንደሚቻል ወዲያው አወቁ። እናንተም የ12ቱን ትርጉምና የሚደረገውን በካርቶን ጽፋችሁ ከወንበሩ አጠገብ ለጥፉ።

አዘዞ ኤሌክትሮኒክስ፦

ሽቦና ሊድ፣ ልክ ነህ፣ ፍሎረሰንቱን አላስተዋልኩትም። እህቴ፣ የተነቀሉ ሬዚስተሮች አሉኝ፣ የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ። ስትጨርሱ ደግሞ መብራቶቹን ሁሉ በአንዴ የሚያበራ የመሞከሪያ ቁልፍ ጨምሩ፤ የተቃጠለ ኤልኢዲ ካለ ቅዳሜ ሰው ፊት ከምታውቁት አሁን እወቁት።

የክበቧ መምህርት፦

እግዜር ይስጣችሁ። ሬዚስተሮቹን ዛሬ ከሰዓት ልጆቹ በየዱአቸው፣ ፍሎረሰንቱን አሥር ጊዜ አበራሁ አጠፋሁ፣ ጸጥ። አረንጓዴዎቹም አሉ። የመሞከሪያው ቁልፍ አንድ የሞተ ቢጫ አገኘልን፣ ቀየርነው። ካርቶኑን የምትጽፈው ያቺው ልጅ ናት፤ ስድስተኛው ላይ ደርሳለች፣ "ባትሪ ደከመ" ሲል መጀመሪያ የቱን ማጥፋት እንዳለባት ከጓደኛዋ ጋር እየተከራከረች ነው። ኮዱን ነገ በሚሊስ እንጽፈዋለን፣ ከተያዝን እመለሳለሁ።