«4 ከ2 ይበልጣል»፦ የታይዋን ሻጭና የግራፊክስ ካርድ ሂሳብ

የከዚራ ልጅ፦
አቦ ዛሬ ደሜ ፈላ። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ አንድ ሱቅ ገብቼ ጂቲ 730 ግራፊክስ ካርድ ጠየቅኩ። ሻጩ ሁለት አወጣልኝ፤ አንዱ 2 ጂቢ ሚሞሪ ያለው፣ ዓይነቱ ፈጣኑ ጂዲዲአር5፤ ሌላው 4 ጂቢ፣ ዓይነቱ ቀርፋፋው ዲዲአር3። ባለ 4ቱ ይወደዳል። ለምን ስለው «4 ከ2 ይበልጣል፣ ሂሳብ ነው» አለኝ። ስንቱ ተማሪ በዚህ አፍ ተሸውዶ ይሆን? የሚሞሪውን ዓይነት ሳይናገሩ መሸጥ መከልከል አለበት ባይ ነኝ።

ሳቢያን ቦይ፦
ሰውዬው ምን አጠፋ? 4 ከ2 አይበልጥም እንዴ? ሂሳብ ነው።

ጥገና ቤት፦
ሂሳብ ካላችሁማ እስከ መጨረሻው እንሥራው። የሁለቱም የሚሞሪ መስመር ባለ 64 ቢት ነው እንበል። በአንዴ 8 ባይት ያሳልፋሉ ማለት ነው። ዲዲአር3ው በ1.8 ጊጋቢት ሲሠራ በሰከንድ 14.4 ጊጋባይት ይወጣዋል። ጂዲዲአር5ው በ5 ጊጋቢት 40 ጊጋባይት። ሥራውን የሚሠራው ቺፕ በሁለቱም ያው ባለ 384 ኮር (ማስሊያ ክፍል) ነው። ባለ 4 ጂቢው ትልቅ መጋዘን ነው፣ በሩ ግን አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው። 4 ጂቢ የሚሞላ የጌም ሴቲንግ ላይ ብታደርገው ደግሞ መጀመሪያ የሚንበረከከው ራሱ ቺፑ ነው።

ሳቢያን ቦይ፦
«እንበል» አልክ። ባለ 128 ቢት ዲዲአር3 ቢሆንስ?

ጥገና ቤት፦
አለ። ግን እሱ ፌርሚ የሚባለው የድሮው ቺፕ ትውልድ ነው፣ 96 ኮር ብቻ። ስሙ ያው 730። ይመችህ።

ሳቢያን ቦይ፦
ኦቨርክሎክ አድርጌ፣ ፍጥነቱን ከፋብሪካው በላይ ገፍቼ፣ አስተካክለዋለኋ! አፍተርበርነር የሚባለው ፕሮግራም ለምን ተሠራ?

ጥገና ቤት፦
የሚሞሪውን ፍጥነት 20 በመቶ ብትጨምርለት፣ ያውም ከተሳካልህ፣ 17 ጊጋባይት ገደማ ትደርሳለህ። ከ40 ቀንስና ሂሳቡን ራስህ ሥራው። የኮሩን ፍጥነት መጨመር ደግሞ የባሰ ነው። ዳታ እየጠበቀ የተቀመጠን ቺፕ ቶሎ ቶሎ ጠብቅ እንደማለት ነው።

ጀጎል፦
በድሬ ሙቀት ኦቨርክሎክ? ግንቦት ላይ ጌሙ ሳይከፈት ፋኑ ይጮኻል። ሐረር ውጡና በነፋሻው ሞክሩት።

የከዚራ ልጅ፦
እናንተ ሐረሮች ጋ በውኃ ማቀዝቀዝ አይሞከርም አሉ። ውኃው በስንት ቀን ነበር የሚመጣው?

ጀጎል፦
ነገር ስታጡ ውኃ ትላላችሁ። እኔ የማወራው ስለ ካርዱ ነው። ጂዲዲአር5 ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ስህተቱን ይለይና ዳታውን እንደገና ይልካል። ክሎኩ (ፍጥነቱ) ወደ ላይ፣ በሰከንድ የሚታየው ፍሬም ወደ ታች። ስክሪኑ ስላልተረበሸ ብቻ «ጨመርኩ» ብሎ በርጫ ላይ የሚያወራ ሞልቷል። በቤንችማርክ ለክተህ አሳይ ስትለው ወሬ ይቀይራል።

ቀዩ ቡድን፦
ሁላችሁም ሻጩ ላይ ወረዳችሁ። ስሙን ያወጣውንስ? የ730ው አምራች ኤንቪዲያ በ2017 ጂቲ 1030ን በጂዲዲአር5 አወጣ፣ 48 ጊጋባይት በሰከንድ። በ2018 በዲዲአር4 ደገመው፣ 16.8። ቦስቱም (የቺፑ ከፍተኛ ፍጥነት) ከ1468 ሜጋኸርዝ ወደ 1379 ወረደ። ስሙ ግን 1030! የታይዋን ሻጭ ከዚህ በላይ ምን አደረገ? እኛ ጋ የኤኤምዲው አርኤክስ 550 በ112 ጊጋባይት ተቀምጦልሃል።

ጀጎል፦
«እኛ ጋ» አለ! ኤኤምዲ መቼ ነው የቀጠረህ? አርኤክስ 560 በ1024 ኮር ወጥቶ፣ በዚያው በ2017 ባለ 896ም በዚሁ ስም ሲሸጥ ተኝተህ ነበር?

ቀዩ ቡድን፦
እሱ ኮር ነው። እኛ የምናወራው ስለ ሚሞሪ ነው።

ጀጎል፦
ሃሃ። ሲነካህ ርዕስ አስታወስክ።

የከዚራ ልጅ፦
ወገን፣ ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሻጩ ካርዱን ሰክቶ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ መረጃ ማሳያ ፕሮግራም ከፍቶ ያሳይ። የሚሞሪው ዓይነትም ባንድዊድዙም (በሰከንድ የሚያሳልፈው ጊጋባይት) እዚያው ላይ አለ። ይሄ ምን ይከብዳል?

ሳቢያን ቦይ፦
ሱቁ እኮ ሁለት ሰው አይዞርበትም። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ኮምፒውተር ሲፈታ ይዋል? ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ አንብብ። ማንበብ ያቃተው ሰው ሕግ ይውጣልኝ ይላል።

ጥገና ቤት፦
የቱ ካርቶን? ያገለገለው በፌስታል ነው የሚመጣው። የሚሞሪ ቺፑን ኮድ ለማንበብ ሂትሲንኩን (ማቀዝቀዣ ብረቱን) ልፍታ? እሱን ስነካ ደግሞ «ፈታኸው፣ ገዛኸው» ነው።

ሳቢያን ቦይ፦
እንግዲያው አትግዛ። ነጋዴ በግድ አልሸጠልህም።

የከዚራ ልጅ፦
በግድ ማን አለ? «ሂሳብ ነው» ብሎ ነው የሚሸጠው።

ቀዩ ቡድን፦
ከምር ተናደህ ከሆነ ሱቁን በስም ጥራዋ። ሁላችንም እንወቀው።

የከዚራ ልጅ፦
አልጠራም። የላፕቶፔን ባትሪ ያዘዝኩት እሱ ጋ ነው፣ ገና አልመጣም።

ሳቢያን ቦይ፦
ሃሃሃ ደንበኛ ነሃ!