ሞድ የተደረገ መተግበሪያ ከመጫኔ በፊት ደኅንነቱን በምን ላረጋግጥ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ማስታወቂያው የተወገደለትና በክፍያ ብቻ የሚገኙት አገልግሎቶች የተከፈቱለት የሙዚቃ ማጫወቻ በኤፒኬ ፋይል (የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ ፋይል) አውርጃለሁ፤ ገና ግን አልጫንኩትም። ፋይልን በብዙ የቫይረስ መመርመሪያዎች በሚፈትሸው ድረ ገጽ በቫይረስቶታል ሳስፈትሸው ከሁለት መመርመሪያዎች በቀር ሁሉም ምንም አላገኙበትም። በዚሁ ስልክ የባንክ ሒሳቤን ስለማንቀሳቀስ ሠግቻለሁ። ይህ ውጤት በቂ ነው?

መልስ 1፦
በቂ አይደለም። ቫይረስቶታል የሚመረምረው የሰጡትን ፋይል ነው፤ ጎጂው ክፍል መተግበሪያው ከተጫነ በኋላ ከኢንተርኔት የሚወርድ ከሆነ ፍተሻውን በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል። በ2021 የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ ኤፍኤምዋትስአፕ 16.80.0 በተባለው ሞድ የተደረገ ዋትስአፕ ውስጥ ያገኘው ትሪያዳ የተባለ ትሮጃን (ጠቃሚ መስሎ የሚገባ ጎጂ ፕሮግራም) ከማስታወቂያ ማሳያ ኮድ ጋር ተጣብቆ የገባና ሌሎች ጎጂ ፕሮግራሞችን የሚያወርድ ነበር። ሁለቱ መመርመሪያዎች የሰጡትን ስያሜም ያንብቡ። «ሪስክዌር» (አደጋ ሊያስከትል የሚችል ፕሮግራም) የሚለው ፋይሉ ስለተነካካ ብቻ የተሰጠ ሊሆን ይችላል፤ «ትሮጃን» ወይም «ድሮፐር» (ሌላ ጎጂ ፕሮግራም የሚያስገባ) ካለ ግን እኔ ብሆን አልጭነውም።

መልስ 2፦
እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ዲጂታል ፊርማውን፣ ማለትም ፋይሉን ማን እንዳዘጋጀው የሚያሳየውን ምልክት ነው። አንድሮይድ ያልተፈረመ ኤፒኬ አይጭንም፤ ፋይሉን የነካካ ሰው ደግሞ የዋናው አዘጋጅ ሚስጥራዊ ቁልፍ ስለሌለው በራሱ ቁልፍ እንደገና ለመፈረም ይገደዳል። ሞዱን በዋናው መተግበሪያ ላይ ለመጫን ሲሞክሩ ስልኩ እምቢ የሚለውና ዋናውን አስቀድመው እንዲያጠፉ የሚመከሩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሚያምኑት የመጀመሪያውን አዘጋጅ ሳይሆን ማንነቱን የማያውቁትን ፈራሚ መሆኑን ልብ ይበሉ።

መልስ 3፦
በቫይረስቶታል ገጽ ላይ «ዲቴልስ» የሚለውን ክፍል ይክፈቱ፤ መተግበሪያው የሚጠይቃቸው ፈቃዶች ሳይጫን በፊት እዚያ ተዘርዝረው ይታያሉ። ሙዚቃ ማጫወቻ የድምፅ ፋይሎችን ማንበብና ኢንተርኔት መጠቀም ያስፈልገዋል። አጭር መልእክት ማንበብ ግን ምን ያደርግለታል? ባንክ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። ከዚህም የከፋው የተደራሽነት አገልግሎት ፈቃድ ነው፤ እሱን ያገኘ መተግበሪያ በማያ ገጹ ላይ ያለውን አንብቦ በእርስዎ ምትክ የማያ ገጹን ቁልፎች መንካት ይችላል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን ስከፍት አጭር መልእክት የማንበብና ሌላ መተግበሪያ እንዲጫን የመጠየቅ ፈቃዶችን አገኘሁ፤ ከሁለቱ ስያሜዎችም አንዱ «ድሮፐር» ይላል። ፋይሉን አጥፍቼዋለሁ። ለመጫን ስል ለብራውዘሩ የሰጠሁትን «ያልታወቁ መተግበሪያዎችን የመጫን» ፈቃድስ ልተወው?

መልስ 3፦
አሁኑኑ ይዝጉት። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ይህ ፈቃድ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ ለየብቻ ስለሚሰጥ የብራውዘሩን ፈቃድ ብቻ መዝጋት ይበቃል፤ ለሌላም ሰጥተው እንደሆነ ግን በዚያው ዝርዝር ላይ ይመልከቱ።